ከግድግዳው ወዲያ ያለው መስመር

«እናቴ ትሙት፣ ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ!»

«ደሞ እኔ ምን አጠፋሁና ነው የምትገድይኝ?» አለች የሽቦ እናት ከኩሽና። ሦስቱ ጓደኞቿ በሳቅ ፈረሱ።

ይህ ታሪክ ግን ማንንም ሳይገድሉ የሚማልበት እውነት ነው፤ ነጥብ እንኳ አልተጨመረበትም። ሽቦ የሚል ስም የወጣላት አንድም በቅጥነቷ፣ አንድም ከእጇ ሽቦ ስለማይጠፋ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ዓለም የተመራመረበትን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሠርታ ቁጭ አለች። የቤታቸው ኢንተርኔት አንድ ፎቶ ለመክፈት ጢም ያስበቅል ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የልብስ ሰፊዋ የእትዬ መስመር አለ። እትዬ ባለፈው ወር ስልካቸው አልገናኝ ሲላቸው የዋይፋይ የይለፍ ቃላቸውን ለሽቦ ነገሯት። ስልኩን አስተካከለችላቸው፤ ቃሉን ግን አልረሳችውም።

ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያገኘችውን ራውተር አመጣች። በአንድ በኩል የቤታቸውን ገመድ፣ በሌላ በኩል የእትዬን ዋይፋይ አስገብታ ሁለቱን አጣመረቻቸው። ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ እየተሳበ፣ ፊልም ገና «አውርድ» ሳይሉት ወርዶ ይጠብቅ ጀመር። ወሬው ትምህርት ቤቱን ሰባት ጊዜ ዞረ። ጓደኞቿም በየቀኑ ከትምህርት መልስ ሶፋውን ወረሱት።

«ግን እውነት እትዬ ፈቅደውልሽ ነው?» ብላ የጠየቀቻት ቀበጧ የሚሏት ናት፤ ምንም ነገር ሳትጠይቅ የማታልፈው ጓደኛዋ። ሽቦ የማለችውም ለዚህ ነበር።

ስትምል ግን ጫንቃዋ ላይ አንድ ኩንታል ድንጋይ ተሸክማ ነበር። ድንጋዩ የተጫነባት ትናንት ነው።

እትዬ ከሰዓት ከሰዓት በቪዲዮ ስፌት ያስተምራሉ፤ ተማሪዎቻቸው ሌላ ከተማ ያሉ ሦስት ሴቶች ናቸው። ትናንት እነሽቦ ፊልም ሲያወርዱ የእትዬ ምስል በተማሪዎቹ ስልክ ላይ ደርቆ ቀረ። እትዬ በጠመኔ ያሰመሩትን መስመር አጥፍተው ሌላ አሰመሩ፤ አንዷ ተማሪ ያየችው ግን የፊተኛውን ብቻ ነበር። በእሱ ላይ ቆረጠች። ጨርቁ የደንበኛ ነበር።

ግድግዳው ስስ ነው። ሽቦ ሁሉንም ሰምታለች። እትዬ «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲሉም ሰምታለች። «ዕድሜ ነው መሰል፣ ይሄ ነገር አልሆነልኝም። ነገ የመጨረሻችን ይሁንና ሌላ አስተማሪ ፈልጉ።»

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ነበሩ፤ የእናቷን ቀሚስ በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ከንፈራቸው መሀል አምስት ስፒል ይዘው ገቡ።

«እንኳን መጡ!» አለች ቀበጧ ዘላ ተነስታ። «እትዬ፣ መስመርዎን ለሽቦ ሰጥተዋታል አይደል?»

የእትዬ አፍ በስፒል ተይዟል። መደርደሪያው ላይ የሚያበራውን ራውተር አዩ። ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ሽቦን አዩ።

አንደኛውን ስፒል አወጡና እጃቸው ላይ በታሰረችው ትንሽ ትራስ ላይ ሰኩት። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አምስተኛው እስኪወጣ ለሽቦ ነገሥታት ተሹመው የተሻሩ መሰላት።

«አዎ» አሉ እትዬ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት። ጎረቤቴ አይደለች?»

«ይኸው!» አለ አንዱ ጓደኛዋ። «ሼም ነው ቀበጧ፣ ዝም ብለሽ ታካብጃለሽ!»

ሽቦ ዳነች። ድንጋዩ ግን ሁለት ኩንታል ሆነ።

እትዬ ወደ እናቷ ዞሩ። «ቶሎ ልለካሽ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትምህርት አለኝ። የመጨረሻዬ ነው፣ ላሰናብታቸው።»

ሽቦ ተነሳች። መደርደሪያው ጋ ሄዳ የራውተሩን ገመድ ነቀለች። የፊልሙ ጀግና እንደዘለለ አየር ላይ ቀረ።

«ኧረ በናትሽ! እዚህ ጋ ይቆረጣል እንዴ?»

«እትዬ አልሰጡኝም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም።

«ምን?»

«አልሰጡኝም። ስልካቸውን ሳስተካክል ቃሉን ያዝኩት።»

«ምለሽ የለም እንዴ?» አለች ቀበጧ።

«ማልኩ። ዋሸሁ።»

እናቷ የኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን አልቀለደችም። ሽቦ ወደ እትዬ ዞረች፤ ዓይናቸውን ማየት አቅቷት ትንሿ ትራስ ላይ የተሰኩትን ስፒሎች አየች።

«ትናንት የተቆረጠው ጨርቅ… እርስዎ አላጠፉም። እኛ ፊልም እያወረድን ነበር። አብሬዎት ልምጣና ለሴቶቹ እኔው ልንገራቸው?»

እትዬ ቀሚሱን ለእናቷ አስያዙና ወደ በሩ ሄዱ።

ሲወጡ ግን በሩን አልዘጉትም።

ሽቦ ጫማዋን ፈለገች።