የደምመላሽ ቋጠሮ

አባቴ መርካቶ ውስጥ ሸራ እየሰፋ ድንኳን ያከራይ ነበር። ዓይኑ ሲደክም መርፌውም፣ ገመዱም፣ ደንበኛውም ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ለሰው ሰርግ ድንኳን ስተክል ወጣትነቴ አለቀ እያልኩ ከራሴ ጋር የምጨቃጨቅ ሴት ሆንኩ። ሌላ የምጨቃጨቀው ሰውማ የት አለ!

ደምመላሽ የመጣው በነሐሴ ዝናብ ነው። ከአሰብ በእረፍት የመጣ የባህር ኃይል ልጅ ነበር። የእናቱ ማድ ቤት እያፈሰሰ አስቸግሯቸው ሸራ ሊገዛ ገባ። ሸራውን ትቶ ገመድ የማስርበትን እጄን ያያል።

«ምን ታፈጣለህ?»

«ይሄ ቋጠሮ ዝናብ ሲመታው ይላላል።»

«ኧረ ባክህ! አንተ ስንት ድንኳን ተክለሃል?»

«አንድም። እኔ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ነው የተማርኩት።»

ገመዱን ተቀብሎኝ አዞረ፣ ከሥር አሳለፈ፣ ጫፉን መልሶ ሳበው። እኔ ብጎትተው ጭራሽ ጠበቀ። ተናደድኩ፤ ከዚያ ሳቅኩ። አባቴ ከውስጥ «ማን ነው የሳቀው?» ብሎ ጠየቀ። ይሄን ያህል ነበር ሳቅ የጠፋብኝ።

እረፍቱ እስኪያልቅ ተመላለሰ። አንድ ከሰዓት እኔ ስሰፋ አጠገቤ ተቀምጦ፣

«ወሰንየለሽ፣ እንግሊዞች አንቺን ሜይንስቴይ ይሉሽ ነበር» አለኝ።

«ስድብ ነው?»

«የመርከብ ገመድ ነው። ትልቁን ምሰሶ ወደ ፊት ወጥሮ የሚይዘው ወፍራሙ ገመድ። ድሮ ቃሉን የሚሉት መርከበኞች ብቻ ነበሩ። ኋላ ቤት ደግፎ የሚያቆመውንም ሰው እንደዚያ አሉት።»

«እኛ የቤት ምሰሶ እንል የለ?»

«ምሰሶውንማ ሁሉም ያየዋል። ገመዱን ግን ማን ልብ ይለዋል? እሱ ከተበጠሰ ምሰሶው የለም።»

መርፌዬ ቆመ። ማንም አይቶኝ አያውቅም ነበርና አንገቴን ደፋሁ።

«ገመዱንስ ማን ይይዘዋል?» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። «እኔ ልያዘው?» አለ።

ወደ ጓዳው አየሁ። አባቴ ያስላል። «ስትመለስ እነግርሃለሁ» አልኩ።

አውቶቡስ ተራ ስሸኘው እንኳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ፊቴን ሲያይ፣ የማይረባ ነገር ነው የለፈለፍኩት። ብርድ እንዳይመታህ አልኩት፤ ለአሰብ ሙቀት!

በየካቲት ምጽዋ ላይ ጦርነት ተከፈተ፤ የአሰብ መርከቦችም ወደዚያ ሄዱ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ዝም። ማንን ልጠይቅ? ምኑ ነኝ ብዬ? ቀን ሸራ እሰፋለሁ፣ መንገደኛ በበሩ ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ክረምቱ ዞሮ ሲመጣ ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ አንድ የዕድር ዳኛ መጡ። «የኛ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ነው፤ ዛሬ መርዶ አለብን» አሉ። ያ ዓመት መርዶ የበዛበት ነበርና፣ የማን ብዬ አልጠየቅኩም።

ለቅሶ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሸካሚዎቹ ምሰሶውን ሲያቆሙ እኔ ገመድ አስራለሁ። ቀና ስል ማድ ቤቱን አየሁት። ጣሪያው ላይ ያለው የኔው ሸራ ነው። ማዕዘኑ ላይ ያለው የእሱ ቋጠሮ ነው።

«ደምመላሽ! ልጄ!» የሚል ጩኸት ከቤቱ ወጣ።

እግዚኦ! መጮህ አማረኝ። ግን ሚስቱ አይደለሁ፣ እጮኛው አይደለሁ፤ ባለ ድንኳን ነኝ። ሴቶቹ እየተላቀሱ ሲገቡ እኔ ዝናብ ላይ ቆሜ ገመዱን ሁሉ እሱ እንዳሳየኝ ቋጠርኩ። ሌላ ምን ላድርግለት?

እናቱን፣ እትዬ ሸዋርካብሽን፣ ደግፈው አመጧቸው። ሊገቡ ሲሉ አዳልጧቸው ገመዱን ያዙ። እጃቸው ቋጠሮው ላይ ቀረ። ወደ ማድ ቤቱ ጣሪያ አዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄን ማን አሳየሽ?»

«እሱ ነው፣ እትዬ።»

«ምኑ ነሽ አንቺ?»

«እንጃ። ጠይቆኝ ነበር፤ ስትመለስ እነግርሃለሁ አልኩት።»

«ምን ልትይው?»

«እሺ ልለው።»

እትዬ ሸዋርካብሽ ደጋፊዎቻቸውን ለቀው ክንዴን ያዙኝ።

«ታዲያ ውጭ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ፣ ከጎኔ ተቀመጪ» አሉኝ።

ገባሁ።