መስታወቱ ላይ የተጣበቁት

«እጅህን አውጣ! አውጣ አልኩህ!»

አምሐ ደንግጦ ዞረ። ወንበር ላይ ቆሞ፣ ግራ ክንዱን እስከ ክርኑ የዓሦቹ አኳሪየም ውስጥ ነክሯል። በሁለት ጣቶቹ መሀል ምስር የምታህል ቀንድ አውጣ ይዟል። የሕሊና ታናሽ ወንድም ነው፤ ገና አምስት ዓመቱ።

«ሕሊና ደግሞ! እየቆጠርኳቸው እኮ ነው» አለ አኩርፎ። «ሃያ ሦስት ደርሼ ነበር።»

ሕሊና በብብቱ ይዛ አወረደችው። ክንዱን በሻርፗ ስታደርቅለት ነው ቀያዮቹን ነጠብጣቦች ያየቻቸው። ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ችፍ ብለዋል።

«ያሳክክሃል?»

«ትንሽ» አለና አከከው።

ሕሊና የትናንቱ ትምህርት ትዝ አላት። ትናንት የባዮሎጂ መምህራቸው ሰሌዳው ላይ ቀንድ አውጣ ስሎ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያስተምር ነበር። ትሉ ከቀንድ አውጣዋ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ የሰው ቆዳ ካገኘ በስቶ ይገባል፤ ውሎ አድሮ ጉበት ይጎዳል። ተማሪው ሁሉ «ኤጭ!» ብሎ ሲስቅ እሷ ብቻ አልሳቀችም።

አኳሪየሙን የገዛችላት እናቷ ወይዘሮ የትነበርሽ ናት፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት በማለፏ። ያኔ ስድስት ዓሦች እንጂ አንድም ቀንድ አውጣ አልነበረውም። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሕሊናና ጓደኛዋ ናዝራዊት «የሳይንስ ክበብ አለን» ብለው ከቤት ወጡና በሚኒባስ ቆላ ድባ ሄዱ። ጫማቸውን አውልቀው ወንዝ ገቡ፤ ለአኳሪየሙ የሚሆን የውሃ ተክል ነቅለው ተመለሱ። ሕሊና ለእናቷ «ክበቡ ነው የሰጠኝ» አለቻት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከቅጠሎቹ ሥር እንደ ሙጫ የሚያብረቀርቅ ነገር አየች፤ ምንም አልመሰላትም። እንቁላል መሆኑ የገባት መስታወቱ በጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ሲሸፈን ነው። ማታ ለቅማ ትጥላለች፤ ጠዋት በዝተው ይጠብቋታል።

አምሐን ለጎረቤት ትታ እየሮጠች ናዝራዊት ቤት ሄደች። ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። ናዝራዊት በሩ ላይ ቆማ የሆነውን ሁሉ ሰማቻት።

«ለእናቴ ልነግራት ነው» አለች ሕሊና።

ናዝራዊት ወደ ኋላዋ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አብደሻል እንዴ? መሄዳችንን አባቴ ቢሰማ አለቀልኝ! አንዴ ብትዋሺኝ ገጠር፣ ትክል ድንጋይ፣ አጎትሽ ጋ ነው የምልክሽ ብሎ ምሏል። እሱ ደግሞ ከማለ ማለ ነው።»

«አምሐስ?»

«ትንኝ ነክሶት ይሆናል ባክሽ። በረኪና ጨምሪበት፣ ሁሉም ያልቃል። ዓሦቹም ሞቱ ትያለሽ።» እጇን ጨበጠቻት። «ሕሊዬ፣ እንዳትናገሪ። ቃል ግቢልኝ።»

ሕሊና ቃል ገባች።

ቤት ገብታ የበረኪናውን ክዳን ከፈተች። ሽታው አፍንጫዋን ቆነጠጣት። ዓሦቹ ምግብ የምትሰጣቸው መስሏቸው ወደ ላይ መጡ። አምሐ ከጎረቤት ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ክንዱን ያካል። በረኪናው ቀንድ አውጣዎቹን ይገድል ይሆናል፤ ክንዱ ውስጥ የገባ ነገር ካለ ግን ምን ያወጣዋል? ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

እናቷ ከልብስ ስፌት ሥራዋ ስትመለስ ሁሉንም ነገረቻት፤ የናዝራዊትን ስም ብቻ አላነሳችም። ወይዘሮ የትነበርሽ የአምሐን ክንድ መብራት ሥር ይዛ ቆየች።

«ጠዋት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አለች በመጨረሻ።

ጤና ጣቢያ ያገኘቻቸው ሲስተር እንኳየሁ የአምሐን ክንድ አገላብጣ አየች። «ትንኝም ሊሆን ይችላል፤ ትሉም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማወቅ አንችልም። ገብቶ እንኳ ቢሆን በምርመራ የሚታየው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ከተገኘ መድኃኒት አለው፣ አትደንግጡ። ውሃውን ግን ወደ ቦይ እንዳትደፉት። ቀንድ አውጣዎቹንም በባዶ እጅ እንዳትነኩ።» ከዚያ ወደ ሕሊና ዞረች። «አንቺስ? ወንዙ ውስጥ ገብተሻል?»

ሕሊና ስለ ራሷ አስባ አታውቅም ነበር። የዚያን ቅዳሜ ማታ ቅልጥሟን ሲያሳክካት እንዳደረ ትዝ አላት። ናዝራዊትም ሰኞ ዕለት «ሣሩ ነው» ብላ ስታክ ነበር።

«ላንቺ ጊዜው ደርሷል» አለች ሲስተር፣ የሰገራ መመርመሪያ ዕቃ እየሰጠቻት።

ውጤቱን ሲጠብቁ እናቷ እጇን ይዛ ነበር። ሲስተር ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ ሕሊና ከፊቷ ላይ አነበበችው።

«እንቁላሉ ታይቷል። ቶሎ ስለመጣሽ ሸጋ ነው፤ ኪኒኑን ዛሬውኑ ትወስጃለሽ። ሳይታወቅ ዓመታት የሚቀመጥባቸው ናቸው የሚጎዱት።» እስክሪብቶዋን አነሳች። «ብቻሽን ነው ወንዝ የገባሽው?»

ሕሊና ወደ እናቷ፣ ከዚያም ወደ እስክሪብቶው አየች።

«ሁለት ነበርን» አለች። «ስሟን ከመጥራቴ በፊት እሷ ራሷ እንድታውቅ ፍቀጂልኝ። ዛሬውኑ እነግራታለሁ።»

አመሻሽ ላይ ናዝራዊት በሩን ከፍታ ሕሊና የዘረጋችላትን የምርመራ ወረቀት አነበበች። ፊቷ ነጣ።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። ስምሽን አልጠራሁም። ግን አንቺም መመርመር አለብሽ ናዚ። ለአባትሽ ንገሪው፤ አጠገብሽ እቆማለሁ። አልችልም ካልሽ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ትክል ድንጋይ ቢልከኝስ?»

«አላውቅም። እኔም ፈርቻለሁ» አለች ሕሊና።

«ማነው?» አሉ የናዝራዊት አባት መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ከውስጥ።

ናዝራዊት ወደ መሬት አቀረቀረች። ሕሊና እጇን ያዘቻት።

«እኔ ነኝ መሪጌታ፣ ሕሊና ነኝ» አለች፤ «ከናዝራዊት ጋር እየገባን ነው።»