ዝናብ ካልዘነበ

«ለመሆኑ ሹራብ አላችሁ?» አለ ጋሽ ቸሩ።

ሳምራ የሰማችውን ተጠራጠረች። ወሩ ሐምሌ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት፣ ከተማው ደግሞ አሰብ ነው። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ወለሉ ላይ ውሃ ተረጭቷል፣ ቬንትሌተሩ እየተንቋቋ ትኩስ አየር ይበትናል። የአሥር ዓመቱ ወንድሟ ክብሩ በቁምጣ ብቻ ሲሚንቶው ላይ ተዘርሯል። የአራት ዓመቷ ወርቅዬ እርጥብ ፎጣ ለብሳ ተኝታለች። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ሹራብ የሚጠይቅ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል።

«ሹራብ ምን ያደርግልናል ጋሽ ቸሩ?»

«በነሐሴ አዲስ አበባ ትሄዱ የለ?»

«እንዴታ!» አለች ሳምራ። ይህ ጉዞ በተነሳ ቁጥር ፊቷ ሳታዝዘው ይፈካል።

ጋሽ ቸሩ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አዲስ አበባና አሰብ ሲመላለስ ፀጉሩ የሸበተ፣ የእናቷ የአገር ልጅ። ጭነት እስኪደርሰው ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ምሳውን እነሱ ቤት ይበላል። አሁን ግን ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ እናቷ ወዳለችበት ጓዳ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ፕላንሽን አየሁት። ፎርማኖቹ ክፍል፣ ግድግዳ ላይ። እዚያው ልናገር ነበር፤ ግን አባትሽ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፣ ሰው ተሰብስቦ ያነባል፤ እንዴት አፌ ይላወስ? እስቲ ንገሪኝ፣ የክረምቱን ነገር የት አደረግሽው?»

«የምን ክረምት?»

ጋሽ ቸሩ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም።

ስለ ፕላኑ ሳትሰሙ አትቀሩም ማለት አልችልም፤ ከአሰብ ውጭ ከሆናችሁ በእርግጥ አልሰማችሁም። አሰብ ውስጥ ግን፣ በተለይ ወደቡ አካባቢ፣ ያላየው አልነበረም። የሳምራ አባት አቶ አባተ የጭነት ፎርማን ነው። አምና የቤተሰቡን ጉዞ ያቀደው እሱ ሲሆን፣ አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄዶ ከነሻንጣቸው መናኸሪያ ውለዋል። በሰኔ ሳምራ ከክፍሏ ሁለተኛ ስትወጣ ካርዷን አገላብጦ አየና፣ «እንግዲህ ዘንድሮ ዕረፍቱን የምታቅጂው አንቺ ነሽ፤ እኔ የመርከብ እንጂ የሰው ፎርማን አይደለሁም» አላት። እማዬም፣ «ተመስገን!» አለች።

ዕረፍቱ አሥራ አምስት ቀን ነው። መንገዱና ደሴ ያሉት ዘመዶች ተቀንሰው ለአዲስ አበባ የተረፈችው አንዲት እሑድ ናት። እሑዷ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለመዝናኛ ፓርኩ። ሳምራ አዲስ አበባ ላለችው የአክስቷ ልጅ ጻፈች፤ እሷም በሁለት ገጽ መለሰች። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች አሉ። ከስምንት ዓመት በላይ ላሉ እየተጋጩ የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች። ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ላለ ሰው ደግሞ ትልቁ ጎማ፤ ተቀምጠውበት ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ ከላዩ ላይ ሆነው ከተማውን በሙሉ የሚያዩበት። ሳምራ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ያንን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበበችው እሷና ትራሷ ያውቃሉ።

ፕላኑን የሠራችው አባቷ መርከብ በሚጭንበት ደንብ ነው። ትንሽ ሳለች በክብሪት ሳጥኖች እያሳየ፣ «መጀመሪያ የሚወርደው ከላይ፣ ለመጨረሻው ወደብ የሚሄደው ከታች» እያለ አስተምሯታል። ስለዚህ ወርቅዬን ከላይ አደረገቻት፤ ጠዋት ጠዋት ደስተኛ ናት፣ እኩለ ቀን ላይ ካልተኛች ግን አገር ይያዝልኝ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈረሶቹ። ቀጥሎ ክብሩና መኪኖቹ። ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ዕረፍት። ከዚያ እማዬ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ሲሏት «እኔ ማሽን አልወጣም፤ ሣር ላይ ልቀመጥ» ያለችው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሣር ላይ። ሊመሽ ሲል፣ የከተማው መብራት ሲበራ፣ ሳምራና ትልቁ ጎማ። ከታች በኩል ደግሞ «አባዬ፦ ዕቃ ተሸካሚ» ይላል። አቶ አባተ ይህን ሲያነብ እንባው እስኪፈስ ስቆ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ሥራ ወሰደው። በማግስቱ ከመርከብ ፕላኖቹ ጎን ተለጥፎ ዋለ።

«ስሚኝ ልጄ» አለ ጋሽ ቸሩ። «ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ጭጋግ ነው፤ ትንፋሽሽ ይጨሳል። ፓርኩን የሚከፍቱት በሦስት ሰዓት ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ዝናቡ ይለቀዋል፤ ያኔ ማሽኖቹን ያቆሟቸዋል። አንዳንዴ አሥራ አንድ አካባቢ ያባራና መልሰው ያስነሷቸዋል፣ አንዳንዴም እንደዘነበ ይመሻል። የኔ ልጆች ስንቴ አልቅሰው ተመልሰዋል! አንቺ ደግሞ ዋናውን ሰዓት እረፉበት ብለሽ፣ ዝናቡ ላይ ውጡ ብለሻል።»

ሳምራ ክው አለች። አሰብ ተወልዳ አሰብ ያደገች ልጅ ናት። እዚህ ጠዋትና አመሻሽ የሰው ነው፣ እኩለ ቀን የፀሐይ ነው፤ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። ዝናብ በዓመት አንዴ ጠብ ካለ ልጆች ጎዳና ላይ ወጥተው ይጨፍራሉ። የአክስቷ ልጅም ስለ ዝናብ አልጻፈችም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በነሐሴ ይዘንባል ብሎ የሚጽፍ ማን አለ?

«ለአባዬ ነግረኸዋል?»

«እኔ? አልነገርኩም፤ አልነግርምም። የአንቺ ፕላን ነው።»

ክብሩ ከወለሉ ላይ ቀና አለ። ለካ አልተኛም። «ዝም በይው በቃ! እዚያ ስንደርስ እንቀይረዋለን። አሁን ብትናገሪ ሁሉም ፋራ ነው የሚሉሽ።»

እውነት ለመናገር ሳምራም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ማንን ይጎዳል? አባዬ ይኩራበት። አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ «ወይ ጉድ፣ ዘነበ እንዴ?» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን አባቷ ጠዋት ጠዋት ሲወጣ ሸሚዙን እያስተካከለ፣ «ዛሬ ደግሞ የአንድ መርከብ ካፒቴን አስነብበዋለሁ» ማለቱ ትዝ አላት። አባቷ ስህተት በሆነ ነገር ሲኮራባት ልትሰማ አልፈለገችም። ጆሮዋ ጋለ።

አሥር ሰዓት ላይ፣ ሥራ ሲገባ፣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። መንገዱ ገና ይፋጃል። ፎርማኖቹ ክፍል ከወደቡ በር አጠገብ ነው። ዘበኛው ቡርሃን ሲያያት፣ «ኢንጂነሯ መጣች!» ብሎ በሩን በሰፊው ከፈተላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባላት። ዛሬ ግን ቀና ብላ ሳታየው አለፈች።

ውስጥ አራት ሰዎች አሉ። ዓብዱልናስር፣ የአባቷ የሥራ ጓደኛ፣ ሻይ በእጁ ይዞ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ለአንድ አዲስ ሠራተኛ ፕላኑን ያነብለታል። «እይ ይቺን ልጅ! የትንሿን እንቅልፍ እንኳ አልረሳችም። ወላሂ አባተ፣ ወደቡን ለሷ አስረክብና አንተ ዓሣ አጥምድ!»

አቶ አባተ ልጁን በሩ ላይ ሲያያት ፊቱ በራ። «ይኸው ራሷ መጣች! ነይ ግቢ፣ ነይ የኔ ልጅ።»

«አባዬ፣ ፕላኑ ስህተት ነው።»

ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። ጋሽ ቸሩ የነገራትን አንድ በአንድ ተናገረች፤ የነገራት እሱ መሆኑንም አልደበቀችም። በሩ የሚከፈተው በሦስት ሰዓት መሆኑን፣ የዕረፍት ሰዓት ያለችው ዋናው ሰዓት መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ዝናብ መሆኑን። «ነሐሴ ክረምት መሆኑን አላሰብኩም» አለች በመጨረሻ። «እባክህ አውርደው።»

አቶ አባተ ወደ ወረቀቱ ዞረ። አየው። ደግሞ አየው። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«ዓብዱልናስር፣ አንተ እዚህ ተወልደሃል፤ ይቅር ይበልህ። እኔ ግን ደሴ ተወልጄ፣ ክረምት በጭቃ እየተንሸራተትኩ ትምህርት ቤት ሄጄ! ወሰኔስ? አንተስ የጎጃም ሰው አይደለህም እንዴ?»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ወሰኔ አንገቱን ደፋ። «ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለ በቀስታ። «እንዲያውም እኩለ ቀን ላይ ማሳረፏ ብልህነት ነው ብዬ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ዓብዱልናስር ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ አቶ አባተም ሳቀ፤ ግን ቶሎ አቆመ። «አሰብ ከመጣሁ አሥራ ስምንት ዓመት» አለ። «ሰው ክረምትን ይረሳል? የሽታው ነገር እንኳ ጠፍቶብኛል እኮ።» ለአፍታ መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ባሻገር ያለውን ነጭ ሰማይ አየ። ከዚያ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና ለሳምራ ሰጣት።

«እኔ እዚህ ቤት ፕላኑ ሳይቀየር የተጫነ መርከብ አይቼ አላውቅም። ‹ተሳስቻለሁ› ብሎ ራሱ የመጣ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። ሂጂ፣ አዲሱን ሥሪ።»

ያ እርሳስ የፎርማን እርሳስ ነው፤ ቀይና ሰማያዊ፣ ማንም የማይነካው። ሳምራ ቤት እስክትደርስ በእጇ ጨብጣ ሄደች። ኩራት ነው የተሰማት፤ ሌላ ስም የለውም።

ቤት ስትደርስ እማዬ ወሬውን ከክብሩ ሰምታ ሣጥኗን ገልብጣለች። ሹራብ የተባለ አንድ ብቻ ተገኘ፤ የሙሽርነቷ ጊዜ፣ ናፍታሊን ናፍታሊን የሚሸት። ክብሩ ለብሶት መስታወት ፊት ሲንጎራደድ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። «አራዳ አይመስልም?» ይላል። ወርቅዬ እኔም እኔም እያለች ታለቅሳለች።

ሳምራ ግቢው ጥላ ሥር ተቀምጣ አራት ሰዓቶችን አሰመረች። ከሦስት እስከ ሰባት። የፈረሶቹ ሰልፍ፣ የመኪኖቹ ሰልፍ፣ የጎማው ሰልፍ። የአክስቷ ልጅ እንደጻፈችው እሑድ እሑድ የጎማው ሰልፍ ብቻውን ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በሩ እንደተከፈተ ከሄዱ ግን ሰው የለም። ብትቀንስ ብትደምር አንዱ ይተርፋል። መጀመሪያ የገባ ያለጥርጥር ያገኛል፤ መጨረሻ የቀረው የዝናቡ ነው።

«3 ሰዓት፦ ሳምራ፣ ትልቁ ጎማ» ብላ ጻፈች። ቀለሙ ቀይ ነው። አየችው፤ አማራት። ማንም ለምን አይላትም፤ ፕላኑ የሷ ነው፣ ሁለተኛ የወጣችው እሷ ናት፣ ሙቀት ውስጥ ሄዳ የተናዘዘችው እሷ ናት። ወርቅዬ ደግሞ ገና ሕፃን ናት፤ ፈረሶቹን ብታጣ ምን እንዳጣች እንኳ አታውቅም።

ወርቅዬ እያለቀሰች መጥታ ጭኗ ላይ ወጣች። አፍንጫዋን ጠረገችላት። «የኔ ፈረስ ነጩ ነው አይደል?» አለች ትንሿ፤ ስለ ነጭ ፈረስ ማንም የነገራት የለም፣ ከራሷ ያመጣችው ነው። «ስሙ ሎሚ ነው።»

ሳምራ ስታስበው፣ ወርቅዬ ለፈረሶቹ የቀራት ሁለት ዓመት አይሞላም። አባዬ ዳግም ዕረፍት የሚያገኘው መቼ እንደሆነም አይታወቅም። ክብሩም ቢሆን ነገ ጢሙ ይወጣል። እሷ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ከቻለች አዲስ አበባ። ጎማው የትም አይሄድም። የመጨረሻው ወደብ የሷ ነው።

መስመሩን ሰረዘችና እንደገና ጻፈች። ሦስት ሰዓት ወርቅዬና ፈረሶቹ። ከዚያ ክብሩና መኪኖቹ። ስድስት ሰዓት ላይ እማዬ ሣር ላይ፣ ወርቅዬ እማዬ ጭን ላይ እንቅልፍ። ሰባት ሰዓት፣ ከሁሉም በታች፣ «ሳምራ፣ ትልቁ ጎማ» አለች፤ አጠገቡም በሰማያዊው በኩል፣ «ዝናብ ካልዘነበ» ብላ ጨመረች። በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ አያውቅም።

አቶ አባተ ሲመጣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ወረቀቱን ተቀበላት። ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። መጨረሻው መስመር ላይ ጣቱ ቆመ። እርሳሱን ከእጇ ወሰደና «አባዬ፦ ዕቃ ተሸካሚ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ፣ በዚያ በወፍራም የፎርማን ጽሕፈቱ፣ «አባዬ፦ ዝናቡ እስኪያባራ ከሳምራ ጋር ተራ ጠባቂ» ብሎ ጻፈበት።

ከዚያ ወረቀቱን አጣጠፈ። «ነገ ይሄኛውን ልለጥፈው። አሮጌውን ግን ላንሳው መሰለኝ፤ መጥቶ የሚያይ ሁሉ...»

«አታንሳው» አለች ሳምራ። «አጠገቡ ለጥፈው።»