የሰማሽበትን ቦታ ጻፊ

«ይህ ስንዴ ነቀዝ አለው?»

«ነቀዝ የለውም። ግን ቀስ ብሎ ይፈጫል።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ኡምሀኒ መዳፏን ዘረጋች። የሚኒባስ ሹፌሩ ሙንዲር ከትንሽ ፌስታል አንድ እፍኝ ስንዴ አፈሰሰላት። የቡሬ እህል ተራ ረፋድ ላይ ጢም ብሎ ሞልቷል። ነጋዴ ናሙና ሲቀበል ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ከስንዴው መካከል ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር ታየቻት።

የስልክ ሚሞሪ።

ጣቶቿን አጠፈች።

«ማዘር፣ ከኋላሽ» አለ ሙንዲር፣ ዓይኑን ከጆንያዎቹ ላይ ሳያነሣ።

ሁለት ጠባቂዎች ፍተሻ ላይ ናቸው። የሰው ስልክ እየከፈቱ ያያሉ፤ ኪስ ይዳብሳሉ። አንደኛው ፊቷ ቆመ።

«እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ናሙና ነዋ ልጄ።»

«ክፈቺው።»

እጇን ብትከፍት አለቀ። ወደኋላ ብትሸሽም አለቀ።

እፍኙን ሙሉ አፏ ውስጥ ጨመረችው።

ስንዴውን በመንጋጋዋ ቆረጠመች። ሚሞሪዋን በምላሷ ሥር ያዘች። እህል ነጋዴ ሁሉ ድርቀቱን የሚለየው በጥርሱ ነው። ጠባቂው የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ሳቅ አለ። ከሙንዲር ፌስታል እሱም ጥቂት ፍሬ ዘግኖ ቆረጠመ።

«እርጥብ ነው» አለ።

«አንተ ምኑን ታውቀዋለህ!» አለ ሙንዲር። «ከዚህ በላይ ቢደርቅ ጥርስህን ትለቅመው ነበር።»

ጠባቂው ትቷቸው አለፈ። ኡምሀኒ እስከ ገበያው ዳር ድረስ አፏን አልከፈተችም።

ጠባቂዎቹ ለማን እንደምትሠራ አያውቁም። በዚህ ገበያ ስሟ አሪፋ ነው፤ ከባህር ዳር ስንዴ ልትገዛ የመጣች ነጋዴ። በጸጥታ ቢሮው መዝገብ ደግሞ «ቁና» ትባላለች። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙ መልካሙ ነው፤ የምስጢር ስሙ «ሚዛን»።

ልጇን ያሠረውም እሱ ነው።

ኢርፋን ከተያዘ ሰባት ወር ሆኖታል። ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ስልኩ ውስጥ ዘፋኝ የሌላቸው፣ እያንዳንዳቸው ዐርባ ደቂቃ የሚፈጁ ሙዚቃዎች ተገኙ። ከእነሱ ጋር በወረቀት የተጻፉ ማስታወሻዎች ነበሩ። «ቁጥር ሁለት። ከግሽ ዓባይ ስመለስ፣ ካፊያ ውስጥ ሰማሁት። እስከ ዘጠነኛው ደቂቃ ታገሡ።»

«ቃል የሌለው ዘፈን ዐርባ ደቂቃ ሙሉ የሚሰማ ጤነኛ ሰው አለ?» ብሏት ነበር መልካሙ፣ ፍኖተ ሰላም ባለው ቢሮው። «ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ምን ሊሆን ነው? ግሽ ዓባይስ ለምን?»

ኢርፋን ለጥያቄው ሁሉ የሰጠው መልስ አንድ ነው። ስልኩን ሲገዛው ሙዚቃዎቹ ነበሩበት፤ ማንንም አያውቅም። ወረቀቱም ከስልኩ ካርቶን ውስጥ የተገኘ ነው። ከዚህ ቃል ንቅንቅ አላለም።

«ሙዚቃውን የሚበትነውን ሰው አምጪልኝ» አለ መልካሙ። «ምንጭ ብለነዋል። ሰውዬውን ጠይቀን እንለቀዋለን። ልጅሽም ይወጣል።»

እናት ምን ትላለች? እሺ አለች።

መጀመሪያ ስትሰማው የተበላሸ ጄኔሬተር መሰላት። ሙዚቃውን የሚቀባበሉት ሰዎች «ፕሮግረሲቭ ኤሌክትሮኒክ» ይሉታል። ሲንተሳይዘር በሚባል የኤሌክትሪክ ኪቦርድ የሚሠራ ነው። አንድ ድምፅ ይጀምራል። ሳታስተውለው ሌላ ድምፅ ከሥሩ ይገባል። ልብ ስትይው የመጀመሪያው የለም፤ መቼ እንደሄደ አታውቂም። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ወዲህ አዲስ ማውረድ ስለማይቻል፣ ያለው በሚሞሪ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሕጋቸው ሦስት ነው። ሰምተህ ያልጨረስከውን አትጠቁም። የማንንም ስም አትጥራ። የሰማህበትን ቦታ ጻፍ፣ እውነቱን።

«ሦስተኛው ለምንድን ነው?» ብላ ሙንዲርን ጠይቃው ነበር።

«ሙዚቃው ቃል የለውማ፣ ማዘር። ስለ እሱ ምን ብለሽ ታወሪያለሽ? የነበርሽበትን ነው የምትናገሪው። ቦታውን የዋሸ ሰው ሙዚቃውንም አልሰማውም።»

ምንጭ ዘንድ የሚደርሰው የራሱን ጥቆማ የጻፈ ብቻ ነው። ኡምሀኒ ባለፈው ወር ሚሞሪ ላይ ከነበሩት አምስት ሙዚቃዎች ሦስተኛውን መርጣ ነበር። ልትዋሽ ብዕር አነሣች። «እህል ተራ ሰማሁት» ብላ ጀመረችና ሰረዘችው። ውሸት ነዋ። ሦስተኛውን የሰማችው ፍኖተ ሰላም፣ የእስረኞች በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ኤርፎኑን በሻሿ ሸፍና ደጋግማ ሰምታዋለች። ዐሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ይመጣል፤ ይጠሩኛል፣ አይጠሩኝም እያለች ስትጠብቅ የነበረውን ጭንቀት ያ ድምፅ ቁልጭ አድርጎ አውጥቶላታል።

እጇ ጽሑፍ አልለመደም። ቀስ ብላ ጻፈች። «ቁጥር ሦስት። ምሳ ዕቃ ይዤ ወረፋ ላይ ሰማሁት። ዐሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አትቀመጡ።»

መልሱ ዛሬ መጣ። ከሚሞሪዋ ጋር የመጣችውን ብጣሽ ወረቀት ሙንዲር ከፌስታሉ አውጥቶ ገበያው ዳር ሰጣት።

«ስንዴሽን ይዘሽ ነይ። ገበዝ ማርያም፣ ወፍጮ ቤት።»

ሐሙስ ዕለት ሙንዲር በሚኒባሱ ወሰዳት። ከመሄዷ በፊት መልካሙ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል መቅጃ ሰጥቷት በሻሿ ጠርዝ ሰፍታታለች። «አንዴ ከተከፈተች አትዘጋም» አላት። «ሰውዬው እሱ መሆኑን ስታረጋግጪ ባዶውን ጆንያ በር ላይ ስቀዪ። ሌላውን ለኛ ተይው።»

ወፍጮ ቤቱ ከመንደሩ ጫፍ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተሩ ይንደቀደቃል። ባለወፍጮው ዱቄት የለበሰ፣ ሃምሳውን ያለፈ ረጅም ሰው ነው። ሌላ ደንበኛ አልነበረም።

«እንዴት ዋልሽ፣ እታለም።»

«ደህና ይመስገን፣ አያ…?»

«ስመኘው።»

ስንዴውን ወፍጮው አፍ ላይ አፈሰሰላት። ከሞተሩ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አንድ ወፍራም ደብተር አየች። ዳርና ዳሩ ላይ የተለጠፉ ብጣሽ ወረቀቶች ብቅ ብቅ ብለዋል። የላይኛው የሷ ነው። የራሷን ጠማማ ፊደል ከሩቅ ለየችው።

እሱ ነው።

ባዶውን ጆንያ አራገፈች። ወደ በሩ ሄደች። አራት እርምጃ ነው።

ሰቀለችው።

ሥራው አለቀ።

ስትመለስ ስመኘው ወፍጮውን እያዳመጠ ነበር። «ሃያ ዓመት ሰማሁት» አለ። «አንድ ድምፅ ይመስላል። አይደለም። በቆሎ ሲገባ ሌላ ነው፤ ስንዴ ሌላ። ድንጋዩ ሲግል ደግሞ ሌላ። ይህን የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ሚስቴ ‹ደንቁረሃል› ትለኛለች። ኔት እያለ አንድ ቀን በስልኬ ይህን ሙዚቃ አገኘሁ። ሌላ አገር ያለ ሰው የኔን ወፍጮ ሰምቶታል አልኩ። ሁለት መቶ ሰዓት አወረድኩ። ከዚያማ ኔቱ ጠፋ።»

«ይኸው ብቻ ነው?» አለች። ሰባት ወር ሙሉ መጠየቅ የምትፈልገው ይህን ነበር።

«ሌላ ምን ይሆናል? ‹ይህን ስሙት› ነው የምንባባለው።»

ሚስማር ላይ ወደተሰቀለው ጆንያ አየ። ረጅም ጊዜ አየው።

«የጻፍሽውን አንብቤያለሁ» አለ። «ምሳ ዕቃ ይዞ፣ ቆሞ፣ ዐርባ ደቂቃ የሚያሰማ ወረፋ እኔ የማውቀው አንድ ነው። ማን አለሽ እዚያ?»

ኡምሀኒ ዓይኗን ወደ በሩ ወረወረች።

«እኔን ልትሰጪ ነው የመጣሽ?»

«አያ ስመኘው…»

«አትማይልኝ። ልሸሽ አስቤ ነበር። ግን ወፍጮ ተሸክሞ አይሸሽም።» የእጁን ዱቄት በሱሪው ጠረገው። «ማን አለሽ?»

«ልጄ። ኢርፋን ይባላል። ከቡሬ ነው የያዙት። ጠይቀው ይለቁዎታል፣ ምለውልኛል፤ እሱም ይወጣል…»

ስመኘው ቀና አለ።

«ኢርፋን? ያ ቀጭኑ? ግራኙ?»

ልጇ ግራኝ ነው።

ሰውየው ደብተሩን አወረደ። መሐል ገልጦ አንዲት ቢጫ ወረቀት አሳያት። «ስም አንጠራም። ሕጋችን ነው። ግን አንቺ እናት ነሽ፤ ይህን ሳታውቂ አትቅሪ። የመረጥሽውን፣ ሦስተኛውን፣ መጀመሪያ የጠቆመው እሱ ነው። ያለንበት ድረስ መጥቶ፣ እዚህ ተቀምጦ ጻፈው። ልጅሽ ከሁላችን በላይ ጆሮ ነበረው።»

አነበበችው። «ቁጥር ሦስት። እናቴ ጓሮ ስንዴ ስታበጥር፣ በአንድ ጆሮዬ እሱን፣ በአንድ ጆሮዬ ሰፌዱን ሰማሁ። ዐሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ይገናኛሉ።»

የሳቀች መሰላት። እንባ ነበር። ከአምስቱ ሙዚቃ መሐል የልጇን መርጣለች። በሰባት ወር ውስጥ ያገኘችው የመጀመሪያ ደስታ ነው። ለጥቂት ቅጽበት ሁሉን ረሳች።

ከዚያ ሻሿ ጠርዝ ላይ ያለችው ቁልፍ ጉንጯን ነካቻት።

ሞቃለች።

እየቀዳች ነው።

«ማንንም አላውቅም» ነበር ኢርፋን ያለው። ሰባት ወር ሙሉ።

ሻሿን መንጭቃ አወለቀችው። ወደ ወፍጮው ሮጠች። ድንጋዩ ስንዴውን እየዋጠ ነው። አንድ ክንድ ቀራት። እጇን ዘረጋች።

አንጓዋን ከኋላ ሰው ያዘው።

«ማዘር፣ ተይ።»

ሙንዲር ነው።

«ልቀቀኝ! ሙንዲር፣ በአላህ!»

«አንቺ እነሱን ስትከታተዪ አንቺንስ የሚከታተል አይኖርም ብለሽ ነው?» ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። «እኔም ወንድም አለኝ፣ እዚያው እስር ቤት።»

ሻሹን ከጣቶቿ ፈልቅቆ ወሰደ። ሦስት ሰዎች ገቡ። አንዱ ደብተሩን አነሣ። ስመኘው እጁን ያለ ግርግር ሰጠ።

«ወፍጮው ያስገባውን ይጨርስ» አላቸው። «የሰው ዱቄት ነው።»

ማንም አልሰማውም። አጠፉት።

ፍኖተ ሰላም፣ በማግስቱ። መልካሙ ጠረጴዛው ላይ ቢጫዋን ወረቀት ዘርግቷታል።

«በርቺ፣ ቁና። ድንቅ ሥራ ነው።»

«ልጄን።»

«ልጅሽ ማንንም አላውቅም ሲለን ነበር። አሁን በሰውየው አንደበት፣ በራሱ በልጅሽ እጅ ጽሑፍ፣ ከነቦታው አገኘነው።»

«ቀረጻውን ሰምተውታል። ሙዚቃ ብቻ ነው። ‹ይህን ስሙት› ነው የሚባባሉት። በጆሮዎ ሰምተዋል!»

«ሰምቻለሁ።» መልካሙ ወረቀቷን ወደ ራሱ ሳባት። «እኔ ያመንኩትን ከላይ ያሉት አይቀበሉኝም። ለሰባት ወር ሥራ የሆነ ነገር ማቅረብ አለብኝ።»

«ጠይቀን እንለቃለን ብለውኝ ነበር።»

«ያኔ ማስረጃ አልነበረም።» ወረቀቷን አጥፎ ፋይል ውስጥ ከተታት። «አሪፋ ከዛሬ ጀምሮ የለችም። ቡሬ አትታዪ። ከፈለግንሽ እንጠራሻለን።»

እሑድ ጠዋት ኡምሀኒ ወረፋው ላይ ቆመች። ሁለት ምሳ ዕቃ ይዛለች። አንደኛው ውስጥ ኢርፋን የሚወደው ሥጋ ወጥ አለ። ሁለተኛው ውስጥ ሽሮ ነው፤ የሷ ቤት ሥጋ ለስመኘው አይሆንም። ለሽሮው ድስት እንኳ ከክርስቲያን ጎረቤቷ ተውሳለች።

ኤርፎን አላደረገችም።

ተራዋ ደረሰ። በረኛው መዝገቡን ገለጠ።

«ለማን?»

«ኢርፋን ሙሄዲን።»

ጣቱን በመስመሮቹ ላይ ጎተተ። «የለም። ትናንት ተዛውሯል።»

«ወዴት?»

«አይነገርም እናቴ። ሌላ?»

ከኋላዋ ያለችው ሴት ምሳ ዕቃዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ተዛውሯል» ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቁታል። ሥጋ ወጡ ያለበትን ምሳ ዕቃ ወደ ጎኗ መለሰችው። ሌላኛውን አቀረበች።

«ስመኘው። ባለወፍጮው።»

«አለ። ምኑ ነሽ?»

አሳልፋ የሰጠችው እሷ ናት። ምሳ የምታመጣለትም እሷው ናት።

«ጎረቤት።»

«ስምሽን።»

ሦስት ስም ነበራት። ሁሉንም ትታ አራተኛ ፈጠረች።

«ፋሪዳ» አለች።

በረኛው ጻፈው። ሽሮውን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። ያልተነካውን ምሳ ዕቃ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ምሳ ዕቃ ይዘው በሚመጡትና ይዘው በሚመለሱት ሴቶች መሐል ገባች። ከኋላ ሲያዩዋት ከሌሎቹ አትለይም ነበር።