ገመዱ የተቆረጠው ቦርሳ

ኢንስፔክተር ጀማነሽ ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድ ላይ ከታክሲ ስትወርድ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሬሳ ያለበት ቤት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የሰፈሩ ግማሽ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። የቀረው ግማሽ ደግሞ ማዶ ያለውን የሳልባጅ ሱቅ በድንጋይ ይደበድባል።

«ሱቁ ምን አደረጋችሁ?» አለች።

«የገዳዩ ሱቅ ነው» አሉ አንድ ሰውዬ፣ ድንጋያቸውን ሳይጥሉ።

«እሺ፤ ቆርቆሮው ካመነ ጥሩኝ» ብላቸው ገባች።

ሟቹ ጋሽ ሃድጉ ናቸው። ሃያ ዓመት ስዊስ ተራራ ላይ ኖረው የተመለሱ፣ ሰፈሩ «በረዶው ሰውዬ» እያለ የሚስቅባቸው ሽማግሌ። ስኪ የሚባለውን ረጅም ጣውላ እግር ላይ አስሮ ማንም ባልረገጠው በረዶ ላይ መንሸራተት ለአዲስ አበባ ልጆች አስተምራለሁ ብለው ተነሱ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አዘነላቸው። እሳቸው ግን ለመጪው ታኅሣሥ አምስት ልጆች ወደ ጆርጂያ ተራሮች ሊልኩ ሁሉን ጨርሰው ነበር። አሁን ለልጆቹ የሰበሰቧቸው ቦርሳዎች በተሰቀሉበት ክፍላቸው በግንባራቸው ተደፍተው፣ ማጅራታቸው ተፈጥርቆ ተኝተዋል።

ጀማነሽ ዙሪያዋን ቃኘች። ግድግዳው ሁሉ ምስማር ነው፤ ምስማሩ ሁሉ የጀርባ ቦርሳ። ጥግ ላይ ሌሎች ቦርሳዎች እንደ ቆሻሻ ተከምረዋል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ወለሉ መሀል ኩሬ ሠርቷል። ኩሬው ውስጥ አንድ ቀይ ቦርሳ በጀርባው ተንጋሎ፣ ማንገቻዎቹ ውሃ ጠጥተው አብጠዋል።

ኮንስታብል ቸሩ ደረቱን ነፍቶ መጣ። «ቤቱን አገላብጠን ፈተሽን፤ የተመቱበት ነገር የለም። ገዳዩ ይዞት ወጥቷል። ጦይብ ይባላል፣ የሳልባጅ ነጋዴ ነው። ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጯጯሁ ካዛንቺስ በሙሉ ሰምቷል። ከሰዓት ተመልሶ መጥቶ ትልቅ የታሰረ ቦንዳ ተሸክሞ ሲወጣ ጎረቤት ያለው ጎሚስታ አይቶታል። ይዘነዋል፤ ሱቁንም አሽገናል።»

«ቀዩን ቦርሳ ፈትሸኸዋል?»

«ከፍቼዋለሁ። ውስጡ ጋዜጣ ነው የተጠቀጠቀው።»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ፀሐይቱ ከሰዓቱን ሙሉ ከዕድር ሴቶች ጋር ለቅሶ ቤት ነበሩ። ሲመለሱ ነው የራሳቸውን ለቅሶ ያገኙት። አሁን አያለቅሱም፤ ግድግዳ ተደግፈው ያፈጣሉ።

«እትዬ፣ ባልዎን የሚጠላ ሰው ነበር?»

«ያ እስላም ነው የገደለብኝ። ሌላ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ሃይማኖቱን አልጠየቅኩም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሂጂና እሱን ጠይቂው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሁለተኛው ሰው በዝናብ ወቅት ጥቁር መነጽር አናቱ ላይ የሰካ፣ ጃኬቱ ገና ካርቶን የሚሸት የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነበር። ሽሻይ ይባላል። ጣሊያን አገር በረዶ ላይ ስኪ ተንሸራታቾችን አሥር ዓመት መርቻለሁ ብሎ መጥቶ፣ ጋሽ ሃድጉ የልጆቹ መሪ አድርገው ቀጥረውታል።

«በቃ፣ ግልጽ እኮ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ። «እኔ ጠዋት አልነበርኩም፤ ከሰዓት ስመጣ ነው የነገሩኝ። ከነጋዴው ጋር ተጣልተዋል።»

«በምን?»

«በሳልባጅ ነዋ። ማለቴ፣ ጨርቅ ሻጭ በምን ይጣላል?»

«እርስዎስ ከሰዓት ምን አደረጉ?»

«ለጉዞው የሚሆነኝን ቦርሳ መረጥኩ፣ ስሜን ለጠፍኩበት፣ ወጣሁ። ፊት ለፊት ካፌ ነበርኩ፣ አስተናጋጇን ጠይቋት። ስወጣ ጋሽ ሃድጉ ደህና ነበሩ።»

«የትኛውን መረጡ?»

ምስማር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ቦርሳ አሳያት። ከሁሉ ትልቁ ነው፤ ኪስ በኪስ፣ ጨርቁ የሚያብረቀርቅ። በነጭ ፕላስተር ላይ «ሽሻይ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጀማነሽ አንዴ አዟዙራ አየችው። ስለ ቦርሳ የምታውቀው ዳቦና ዶሴ መያዙን ብቻ ስለሆነ መልሳ ሰቀለችው።

በዚህ መሀል አንዲት ልጅ ፖሊሱን በክርኗ ገፍታ ገባች። ከመስቀል አደባባይ ልምምድ መመለሷ ነው፤ ቱታዋ ውሃ ያንጠባጥባል። ዳናይት ትባላለች፣ ከአምስቱ አንዷ። ሬሳውን እስክትደርስ ወስደውታል፤ የቀረውን ደም አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀዩን ቦርሳ ከኩሬው አንስታ ገለበጠችና፣ በሆዱ አስተኝታ ማንገቻዎቹን ወደ ላይ አደረገች።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለች ጀማነሽ። «ማን ንኪ አለሽ?»

ልጅቷ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። «ማንም። ጀርባው እየራሰ ነው። ጋሼ ቢያዩ ፑሽ አፕ ነው የሚያሠሩኝ።»

«ቦርሳ በጀርባው ነው የሚተኛው። እኔ እስከ ዛሬ እንዲያ ሳስተኛ ነው የኖርኩት።»

«አንቺ ቢሮ ውስጥ ነዋ። በረዶ ላይ ጀርባውን ካስተኛሽው ረጥቦ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ መልሰሽ ታዝዪዋለሽ። ቀኑን ሙሉ በረዶ አዝለሽ ትውያለሽ ማለት ነው። ለዚህ ነው የዋናው ኪስ ዚፕ በጀርባው በኩል የሚሆነው። ጋሼ ሌላ ነገር አላስተማሩንም እኮ። ቁመታችሁን ሳይሆን የጀርባችሁን ርዝመት ለኩ፤ ክብደቱ ዳሌ ላይ ይረፍ እንጂ ትከሻ ላይ አይሁን፤ ትልቅ አትምረጡ፣ ትልቅ ቦርሳ የማይረባ ነገር ያስቋጥራል። በየቀኑ ያው ነው። ጆሯችን እስኪሰለቸው።»

«ይህችስ ፊቱ ላይ ያለችው ስስ ኪስ?»

«የአካፋ ናት። የበረዶ ናዳ ሲወርድ ጓደኛሽ ከሥር ይቀበራል። ያኔ ካልሲሽን እየበረበርሽ አካፋ አትፈልጊም፤ አካፋው ለብቻው ይቀመጣል።» ዳናይት ወደ ቸሩ ዞረች። «ፖሊሶቹ አላዩትም እንዴ?»

ጀማነሽ ጓንቷን አጥልቃ ዚፑን ሳበች። አንድ የአሉሚኒየም አካፋ ወጣ፤ ራሱ ተነቅሎ፣ እጀታው በጠባብ ከረጢቱ ተሰክቶ። ተወልውሏል። እጀታው የሚገባበት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ግን ደሙ ገና አልጠቆረም።

ቸሩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ጣቢያ ስትደርስ የጦይብ እህት ዙህራ በሩ ላይ ቆማለች። «ነገ ፍርድ ቤት ልትወስዱት ነው አሉ። እውነት ነው?»

«የጣቢያው አዛዥ እንዲያ ብለዋል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ? ወይስ አንቺ የምትይው የለም?»

ጀማነሽ አልፋት ገባች።

ጦይብ ከአግዳሚ ወንበሩ አልተነሳም። «አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ድጋሚ የምናገረው ለዳኛ ነው።»

«ለዳኛ ስትናገር ማንም አይሰማህም። ለእኔ ተናገር፤ በምን ተጣላችሁ?»

«በገመድ።» ወደ ግድግዳው ምራቁን ሊተፋ አስቦ ተወው። «ለሽማግሌው ያመጣሁላቸው ቦርሳዎች ከቦንዳ ሲወጡ ጎናቸው ላይ ገመድ አለ፣ ዘለበት አለ። ቆረጥኩት። ድሮም ስቆርጥ ነው የኖርኩት። የካዛንቺስ ተማሪ ገመድ የተንጠለጠለበት ቦርሳ አይገዛም፤ የታክሲ በር ላይ ይያዝበታል። ሽማግሌው ጠዋት አዩና ‹ሰው ልትገድል ነው› ብለው ጮኹብኝ። በገመድ ሰው ይሞታል? ተሳደብኩ። ሁሉንም ‹ጥራጊ› ብለው ጥግ ላይ ወረወሩት። ከሰዓት ሄጄ የቻልኩትን ተሸክሜ ወጣሁ፤ ኮሪደር ላይ ያወጡትን። ክፍሉ ውስጥ የቀሩትን ነገ እወስዳለሁ ብዬ ነበር። ነገ ደግሞ እናንተ እኔን ትወስዱኛላችሁ።»

አካፋ ያለበትን ኪስ በፎቶ አሳየችው። «ይህ ኪስ የምንድን ነው?»

«የላፕቶፕ።» ከዚያ እንደ ነጋዴ ጨመረ፣ «ፋይልም ይይዛል።»

ጀማነሽ ሳቋን ዋጠች። ወጥታ ጊዜ እንዲሰጧት ለአዛዡ ደወለች። አዛዡ ተቆጡ፣ ተነጫነጩ፣ በመጨረሻ እስከ ነገ እኩለ ቀን ፈቀዱላት።

በማግስቱ ሁሉም እዚያው ቦርሳ ቤት ተሰበሰቡ። ጦይብ እጁ በካቴና ታስሮ መጣ፤ ዙህራ ተከትላው ገባች፣ የከለከላትም አልነበረም። ወይዘሮ ፀሐይቱ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ጦይብን ሲያዩ ወንበራቸውን አሸሹ። ሽሻይ መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቷል። ዳናይት በር ላይ ቆማለች። ማንም ማንንም ሰላም አላለም።

«ጉዳዩ አጭር ነው» አለች ጀማነሽ። «አካፋው ከዚህ ቤት አልወጣም። ጦይብ ከዚህ የወጣው አንድ ጎልማሳ የሚደብቅ ቦንዳ ተሸክሞ ነው። እሱ ቢሆን ኖሮ አካፋውን ቦንዳው ውስጥ ሸጉጦ ይሄድ ነበር። ቤት ውስጥ የሚደብቅ ባዶ እጁን ወጥቶ ሰው ፊት መቀመጥ ያለበት ነው። ካፌ ውስጥ፣ ለምሳሌ።»

ሽሻይ ፈገግ አለ። «በካፌ መቀመጥ ወንጀል ሆነ?»

«ገና ነው። ቀጥሎ፣ አካፋው በትክክለኛው ኪስ፣ እንደ ሥርዓቱ ተነቅሎ ነው የተገኘው። ጦይብ ያንን ኪስ የላፕቶፕ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ነው። እትዬ ፀሐይቱ ለቅሶ ቤት ነበሩ። ስለዚህ የቀረው የጋሽ ሃድጉን ትምህርት የሰማ ሰው ነው።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች ዳናይት፣ አገጯን ቀና አድርጋ። «እሰሪኝ እንግዲህ።»

«አንቺ ትናንት ደም ላይ ቆመሽ እንኳ ቦርሳ ገለበጥሽ። እጅሽ ከጭንቅላትሽ ቀድሞ ነው የሠራው። ገዳዩ አካፋውን ከደበቀ በኋላ ቦርሳውን በጀርባው ኩሬ ውስጥ ጣለው። ትምህርቱን በጆሮው ሰምቷል፣ ወደ እጁ ግን አልወረደም። በረዶ ላይ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ የሚያውቅ ሰው እጅ አይደለም።»

«እንግዲህ እኔ አይደለሁማ» አለ ሽሻይ። «አሥር ዓመት ነው የቆምኩት።»

ጀማነሽ ጥቁሩን ቦርሳ ከምስማሩ አወረደችና እግሩ ሥር አስቀመጠችው። ከግድግዳ የጋሽ ሃድጉን ሁለት ስኪዎች አንስታ አቀበለችው።

«ዳገት ሲሆን ስኪው ቦርሳ ላይ ታስሮ ይታዘላል አሉኝ። እሰሩት እስቲ።»

ሽሻይ ስኪዎቹን ተቀበለ። ቦርሳውን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። ጎኑን ዳበሰ። ጣቱ አንዲት የተቆረጠች የገመድ ጉማጅ ላይ አረፈና ቆመ። ውጭ ጎሚስታው ቸርኬ በመዶሻ ይወቅጣል።

ጦይብ ጎንበስ ብሎ አየው። «እሱ እኔ የቆረጥኩት ነው። ከጥራጊው።»

«ከጥራጊው» አለች ጀማነሽ፣ ወደ ሽሻይ ዞራ። «ጠዋት ካዛንቺስ በሙሉ ‹ገመዱን ማን ቁረጥ አለህ› የሚለውን ሰምቷል። አንተ አልነበርክም። የነገሩህ መጣላታቸውን ብቻ ነው፣ በምን እንደሆነ አልነገሩህም። ከሰዓት መጣህ፣ ከጥራጊው ክምር ትልቁንና የሚያምረውን መዘዝክ፣ ስምህን ለጠፍክ። ስኪ የሚታሰርበት የሌለው ቦርሳ ለበረዶ የሚመርጥ መሪ የለም። ሽማግሌው አንድ ጊዜ አይተው በረዶ ረግጠህ እንደማታውቅ ገባቸው።»

ሽሻይ ስኪዎቹን አልጣላቸውም። እንደ ሕፃን እንዳቀፋቸው ቁጭ አለ።

«ሆቴል ነበር የምሠራው» አለ። «ወጥ ቤት። ተራራው በመስኮት ይታያል። አሥር ዓመት ሳህን ሳጥብ አየሁት። እዚህ ስመጣ ሰው ሲያከብረኝ ደስ አለኝ፣ በቃ። እሳቸው ‹ነገ ልጆቹን ጠርቼ፣ ፊታቸው ስኪውን እሰር እልሃለሁ› አሉኝ። ልጆቹ ፊት። ለመንኳቸው። ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

«አምስታችንን ናዳ ሥር ልትወስደን ነበር» አለች ዳናይት። ድምጿ ቀዝቃዛ ነበር። «እኛ ስንቀበር ምን ልታደርግ ነበር? ሳህን ልታጥብልን?»

ቸሩ የጦይብን ካቴና ፈታና ለሽሻይ አሰረለት። ወይዘሮ ፀሐይቱ ቀና ብለው ጦይብን አዩና ያሸሹትን ወንበር መልሰው አቀረቡ። ጦይብ አልጠበቃቸውም። እህቱን አስከትሎ ወጣና መንገዱን ተሻግሮ ከሱቁ ፊት ቆመ። ቆርቆሮው ተጨረማምቷል፤ በሩ ላይ የፖሊስ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል።

ሰፈሩ ወጥቶ ያያል። ትናንት ድንጋይ ይዘው የነበሩት ሰውዬ ጠጋ አሉ። «እንኳን ነፃ ወጣህ፣ ልጄ። ና፣ ወረቀቱን እኔ ልቅደድልህ።»

«እጅዎን ይሰብስቡ» አለ ጦይብ። ወደ ቸሩ ዞረ። «ያሸገው ይክፈተው።»

ቸሩ ጀማነሽን አያት። እሷ ቀና ብላ ሰማይ ታይ ጀመር። ኮንስታብሉ መንገዱን ተሻገረ፣ ተንበረከከ፣ ሙጫው የደረቀውን ወረቀት በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። ረጅም ጊዜ ፈጀበት። ጦይብ እጁን አጣምሮ፣ ዙህራ አጠገቡ ቆማ፣ የመጨረሻዋ ቁራጭ እስክትነሳ ድረስ ከኮንስታብሉ አጠገብ ፈቀቅ አላሉም።