የባሕሪው መንገድ ናሙና

ጥዑመልሳን፣ የካርቱም ክፍል በሆነችው በባሕሪ በሚገኘው የአስፋልት መመርመሪያ ቤት ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው ነገር አጠገቡ ወድቋል፤ ከአዲሱ መንገድ ተሰርስሮ የወጣ፣ ጣሳ የሚያህል የአስፋልት ናሙና። ሟቹ እንዲህ ያሉትን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ እያሰጣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችሉ ያጠና ነበር። የከተማው መንገዶች መሥሪያ ቤት ዝናቡ ሳይመጣ መንገዱን የሚረከበው ወይም የሚያስፈርሰው በዚያ ጥናት ነው።

ገዛኸኝ ሲደርስ ፖሊሱ ገዳይ አግኝቶ ጨርሷል። ሬሳውን አይታ የጮኸችው የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የወሎዋ ሉጥፊያ፣ እጇ ታስሮ በር ላይ ተቀምጣለች። ድሃ ከተገኘ ምርመራ ምን ያደርጋል! ገዛኸኝ ጎንደር ሳለ መርማሪ ነበር፤ አሁን ኦምዱርማን የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሐበሻ በድንገት ሲሞት ግን የሚጠራው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ወላሂ አልነካሁትም! ኢቃማ የለኝም፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ማን ያምነኛል? እናቴ የምትኖረው በኔ ነው።»

«ጠዋት ምን ሠራሽ?»

«ረፋድ ላይ ፉጡር አቀረብኩ፤ ቁርሳቸው ፉል ነው። ጥዑመልሳን አልመጣም። ዳቦውን ቆራርሼ አደልኳቸው፤ ለኢክሪማ ማንኪያ አመጣሁለት። ከዚያ ልጠርግ ስገባ...» እንባዋ አላስጨረሳትም።

ኢክሪማ መንገዱን የሠራው ተቋራጭ ፎርማን ነው፤ የምርመራውን ውጤት ሊጠይቅ ጠዋት መጥቶ እዚያው ነበር። ገዛኸኝ ወደ መመርመሪያው ቤት ኃላፊ ወደ ሙሄዲን ዞረ።

«ኢክሪማ ፉል በማንኪያ ነው የሚበላው?»

«ላ፣ ላ! በማንኪያ በሚበላ ሰው የሚስቅ እሱ! ዛሬ ግን ጣቴ ቆስሏል አለ።»

ገዛኸኝ ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የዋሉትን ናሙናዎች እያነሳ በመዳፉ ጨበጣቸው። የሌሎች መንገዶች ናሙና ምንም አላደረገውም። የአዲሱ መንገድ ግን መዳፉ ላይ ጥቁር ሆኖ ተጣበቀ፤ በሳሙና ቢያሸው አልለቅ አለ።

ፉል አስመጣና ሁሉንም፣ ፖሊሱንም ጭምር፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ ሰበሰበ። ኢክሪማ ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ያላ፣ ብላ እንጂ።»

«ማንኪያ ካለ...»

«ይኸውላችሁ» አለ ገዛኸኝ። «ጤነኛ አስፋልት በካርቱም ፀሐይ እጅ ላይ አይቀርም። የኢክሪማ መንገድ ግን ይቀራል። ስለዚህ ያንን ናሙና አንስቶ የመታ ሰው እጁ ጠቁሯል። ሳሙና አያስለቅቀውም፤ የሚያስለቅቀው ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚሸት እጅ ደግሞ የጋራ ትሪ ላይ ወዲያው ይታወቃል። ሙሄዲን ጠዋት በእጁ በልቷል። ሉጥፊያ ዳቦውን በእጇ ቆርሳ አድላለች፤ ዳቦው ላይ ጥቁር ነገር አያችሁ?»

«አላየንም» አለ ሙሄዲን።

«እጁን የደበቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኢክሪማ፣ እስቲ ቁስሉን አሳየን።»

ኢክሪማ እጁን አወጣ። ቁስል የለም፤ መዳፉ እስከ ጥፍሩ ሥር ጠቁሯል።

«ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለ ወዲህ ሥራ የት አለ?» አለ። «መንገዱ ቢፈርስ የምባረረው እኔ ነበርኩ። ትንሽ ቆይ ብዬ ለመንኩት። ዝናቡ አይቆይም አለኝ።»

ሉጥፊያ የገዛኸኝን ጉልበት ሳመች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ገዛኸኝ በዚህች ከተማ ሲጠራ ያየው ከስንት አንዴ ነው። ደስ አለው።

ፖሊሱ ጣቶቹን ጠረገ። «ኸላስ፣ ከግድያው ነጻ ናት» አለ። «ኢቃማዋስ?»

ገዛኸኝ ለመነ፤ ሙሄዲንም ለመነ። ፖሊሱ ሰምቶ ሲጨርስ ኢክሪማንና ሉጥፊያን መኪናው ላይ አስወጣ፤ እሱን ለእስር፣ እሷን ወደ አገሯ ለማባረር። ናሙናዎቹንም ማስረጃ ናቸው ብሎ አንድ ሳያስቀር ጫነ።

«ጥናቱን የሚጨርስልኝ የለም» አለ ሙሄዲን። «እንግዲህ መንገዱን እንዳለ ይረከቡታል።»

መኪናው ሉጥፊያን ይዞ በአዲሱ መንገድ ሄደ። ገዛኸኝ ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ አየ። የጎማው ምልክት አስፋልቱ ላይ ታትሞ ቀርቶ ነበር።