አንድ ሰው የቀረው

«አቁሙት! አቁሙት እኮ ነው የምላችሁ!»

ሰፈሩ ሁሉ «ዎፋ»፣ አጎት፣ የሚላቸው ሽማግሌው ዎፋ ባዱ ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ትከሻቸው ላይ ያጣፉት ጨርቅ መሬት ሊነካ ትንሽ ቀረው። ዳንኳ ተሽቀዳድሞ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘውን ስልኩን ነካውና ፊልሙ ቀጥ አለ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢውን ሞልቶ ሲስቅ የነበረው ጎረቤትም አብሮ ጸጥ አለ።

ፖኩዋ ስክሪኑ ላይ የቆመውን ምስል አየች። ምስሉ ላይ ራሷ ፖኩዋ አለች፤ በሠሩት ፊልም የመንኮራኩሯ ደጓ ወያላ ሆና። አጠገቧ ደጉን ካፒቴን የሚጫወተው ዳንኳ አለ። ሁለቱም ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ለጨረቃው ሽማግሌ ሶቦሎ የሞላ ቅል ያቀርባሉ። የጨረቃው ሽማግሌ ደግሞ ሌላ ማንም አይደሉም፣ ራሳቸው ዎፋ ባዱ ናቸው። መጠጡ ደማቅ ቀይ ነው፣ ቅሉ ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ያምራል። ችግሩ ልጆቹ የሚሰጡት በግራ እጃቸው ነው። ሽማግሌውም ጥርሳቸውን ብልጭ አድርገው የሚቀበሉት በግራ እጃቸው ነው።

ኩማሲ ከተማ ውስጥ ለትልቅ ሰው ይቅርና ለፍየል እንኳ በግራ እጁ ሳር የሚሰጥ ጨዋ አይገኝም።

«እኔ ባዱ!» አሉ ሽማግሌው ደረታቸውን እየመቱ። «ሰው በግራዬ ሰላም ብዬ የማላውቀው! ይኸው በግራዬ ስቀበል! ያውም እየሳቅሁ! ማነው በምስሌ የቀለደብኝ? ዛሬ ዛሬ የሰው ፊት ቆርጠው ከዝንጀሮ ገላ ጋር ይቀጥላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኔ ላይ ነው የጀመራችሁት?»

ፊልሙ የሦስት ጓደኛሞች ነው። ፖኩዋ፣ ዳንኳና ሙንታሪ የትምህርት ቤት ዕረፍታቸውን የጨረሱበት። መንኮራኩራቸው በዎፋ ባዱ ግቢ ጥግ ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ሚኒባስ ነው። ሞተሩ ከተሸጠ ቆይቷል፤ ኋላው ላይ ግን «ቀስ በል፣ ይደረሳል» የሚለው ጽሑፍ እስካሁን አለ። ሚኒባሷ ከኩማሲ ጨረቃ ተሳፋሪ ስታመላልስ ሰማይ ላይ አቧራ ውስጥ ትገባለች፤ ከአቧራው ስትወጣ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ደግና አንድ ክፉ መንታ ያገኛል። ክፉው ካፒቴን ኮከብ ገጭቶ መልሶ ኮከቡን ይሳደባል። ክፉዋ ወያላ የሰው መልስ ጉንጯ ውስጥ ትወትፍና ስትጠየቅ ዓይኗን አፍጥጣ «እኔ ምን አውቄ!» ትላለች። ይህቺን ስትል የዳንኳ እናት ማሜ አቺያ ሳቅ አፍኗቸው በጎረቤት ትከሻ ላይ ነበር የወደቁት። በመጨረሻ ሁሉም የጨረቃው ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ፤ መሪውን ማን እንደሚይዝ እሳቸው ይፈርዳሉ።

ሁለት ዓይነት ልብስ ስላልነበራቸው ደጉን ከክፉው የሚለይ ዘዴ ያመጣው ሙንታሪ ነው። ደጎቹ ሁሉን ነገር በቀኝ እጃቸው፣ ክፉዎቹ ሁሉን ነገር በግራ። «ሕፃን ልጅ እንኳ አይሳሳትም» ብሎ ነበር።

«እኮ ንገሩኛ!» አሉ ዎፋ ባዱ። «ይህን ምስል የሠራው ማነው?»

ዳንኳ ወደ እናቱ አየ። እናቱም ወደ እሱ አዩ፤ የማሜ አቺያ አስተያየት ደግሞ ከጥፊ አይተናነስም። ዳንኳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ካሜራውን የሚይዘው... ምስሉንም የሚሠራው ሙንታሪ ነው» አለ።

ከኋላ በር አጠገብ ቆሞ የነበረው ሙንታሪ ስሙን ሲሰማ ቀና አለ። «እኔ? እኔ እኮ ያን ቀን...»

«ዝም በል!» አሉት አባቱ። «ትልቅ ሰው እየተናገረ!»

አባቱ ማላም ሱሌ በያጅ ናቸው። የሚሠሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ዎፋ ባዱ በሰጧቸው ጥግ ነው። ሙንታሪም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቀጥታ ወደዚያ ጥግ ነው የሚሄደው፤ ብረት መቁረጥ የተማረውም እዚያ ነው።

«ገባኝ» አሉ ዎፋ ባዱ ወደ ማላም ሱሌ ዞረው። ድምፃቸው ቀዝቅዟል፤ ጩኸታቸው ይሻል ነበር። «ማላም፣ አንተን አከብርሃለሁ። ልጅህን ግን ከነገ ጀምሮ ግቢዬ ውስጥ እንዳላየው።»

ማላም ሱሌ ቆባቸውን ከራሳቸው አወለቁ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እያያቸው በርከክ አሉ። «የልጄ ጥፋት የእኔ ጥፋት ነው፣ ዎፋ። በአላህ ይዤዎታለሁ።»

ሙንታሪ አባቱን በዚያ ሁኔታ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ወደ ፖኩዋ ዞረ። ፖኩዋ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

እውነቱን ታውቃለች። ያ ትዕይንት የተቀረፀው ዓርብ ነው። ሙንታሪ ወደ ጁምዓ ሶላት ሲሄድ «ስመለስ እንቀርፃለን፣ ጠብቁኝ እሺ?» ብሎ፣ እነሱም «እሺ» ብለውት ነበር። ገና ከመሄዱ ዳንኳ ይቁነጠነጥ ጀመር።

«ፀሐይዋ እንዴት እንደምታምር አየሽ? እሱ እስኪመጣ ትጠልቃለች።»

ፀሐይዋ የትም አልሄደችም ነበር። ዎፋ ባዱም ለብሰው ተቀምጠው «እኔ አልቸኮልኩም፣ ልጆቼ» ብለዋል። የቸኮለው ዳንኳ ነው። ስልኩን የጎማ ክምር ላይ አቆመና ካሜራውን ወደ ፊት ገለበጠው፤ ሰው ራሱን በሚያነሳበት በኩል።

«እንዲህ ካደረግነው ስንጫወት ራሳችንን እናያለን።»

ሙንታሪ ገና በመጀመሪያው ቀን በዚያ በኩል እንዳይቀርፁ አስጠንቅቋቸው ነበር። ይህ ስልክ በፊት ካሜራው የተቀረፀውን ልክ እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። ፖኩዋ ያን ጊዜ ሰምታለች። ዓርብ ዕለት ግን ስክሪኑ ላይ ራሷን አየች፤ በአዲሱ ሻሿ እውነትም ታምር ነበር፤ ምክሩም ከጭንቅላቷ በነነ። ዳንኳም የቀረፁትን ያንኑ ቀን ራሱ ከሌላው ፊልም ጋር ቀጣጠለው። ሙንታሪ «አሳዩኝ» ሲላቸው «እሁድ ከሰው ጋር ታየዋለህ፣ ሰርፕራይዝ ነው» አሉት።

አሁን ዳንኳ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ዝም በይ ባክሽ። ነገ ይረሱታል። እናቴ እዚህ ናት፣ ትገድለኛለች።»

ዳንኳና ፖኩዋ አንድ አጥር ነው የሚለያቸው። ጥርሳቸውን የነቀሉት ሳይቀር በአንድ ሰሞን ነው። ደግሞ እሷስ ብትሆን? «ሙንታሪን ትተን ቀረፅን፣ ራሳችንን ማየት አማረን» ብላ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልትናገር ነው?

«አንቺስ?» አሉ ዎፋ ባዱ፣ የዳንኳን ሹክሹክታ አይተው። «አንቺ እዚያ ነበርሽ። የምታውቂው ነገር አለ?»

ፖኩዋ አፏን ከፈተች።

«እኔ ምን...»

ቃሉ ግማሽ ላይ ቆመ። የገዛ ድምፅዋ ነው፤ ያችው ጉንጯን የነፋች ክፉ ወያላ። ከተቀመጡት ሕፃናት አንዱ ፊልሙ የቀጠለ መስሎት ኪኪኪ ብሎ ሳቀ። ፖኩዋ ግን ዓይኗን አነሳች። ማላም ሱሌ አሁንም አልተነሱም፤ ቆባቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ዎፋ» አለች። «ያቺ... ያቺ የተቆረጠችው ጣትዎ በየትኛው እጅዎ ናት?»

ሰዉ አጉረመረመ። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አለች አንዲት ሴትዮ። ዎፋ ባዱ የትንሿን ጣታቸውን ጫፍ በወጣትነታቸው የሞተር ቀበቶ እንደበላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው ግራ እጃቸውን አነሱ።

«በግራዬ ናታ! ምን ነካሽ?»

«እስቲ ቴሌቪዥኑን ይዩት።»

ዎፋ ባዱ መነፅራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። ምስሉ ላይ ቅሉን የሚቀበለው ግራ እጃቸው አምስቱም ጣቱ ሙሉ ነው። ጉልበታቸው ላይ ያረፈው ቀኝ እጃቸው ግን ትንሿ ጣቱ ቆራጣ ናት። ሽማግሌው እጃቸውን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ እንደገና እጃቸውን አዩ።

«ጣቴ ቤት ቀየረች እንዴ?»

«ምስሉ ተገልብጦ ነው» አለች ፖኩዋ። አንዴ ከጀመረች በኋላ ቃሉ ተከታትሎ መጣ። «እኛም በቀኛችን ነው የሰጠንዎት፣ እርስዎም በቀኝዎ ነው የተቀበሉት። በማይሆነው በኩል ቀርፀነው ነው። የቀረፅነውም የቀጣጠልነውም እኔና ዳንኳ ነን። ሙንታሪ መስጊድ ነበር። ጠብቁኝ ብሎን ነበር፣ አልጠበቅነውም።»

«ሙንታሪማ አለ!» አሉ ማሜ አቺያ ወደ ስክሪኑ እየጠቆሙ። «ያው ሚኒባሱ ሥር ተኝቶ እየጠገነ አይደል? እግሩ ይታያል!»

ፖኩዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እሱ እግር አይደለም፣ ማሜ። ሱሪ ነው። እሱ እንዳይጎድል ጨርቅ ጠቅጥቀንበት ጫማ አደረግንለት።»

ከዚያ ማላም ሱሌ ከተንበረከኩበት ቀስ ብለው ተነሱ፤ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

«ቆይ! ያ የእኔ የሥራ ሱሪ አይደለም እንዴ?» አሉ። «ከዓርብ ጀምሮ ያላስፈለግሁበት ቦታ የለም! ሚስቴን እንኳ ለሌባ ሰጠሽብኝ ብያት ተኳርፈናል!»

መጀመሪያ የሳቁት ዎፋ ባዱ ናቸው። ሳቃቸው ከሆዳቸው ተነስቶ ጨርቃቸውን ዳግመኛ ከትከሻቸው ጣለው። ከዚያ ግቢው በሙሉ ተንጫጫ። ማላም ሱሌ ሊቆጡ ሞክረው ነበር፤ ግን የማይንቀሳቀሱትን እግሮች ባዩ ቁጥር ከንፈራቸው እምቢ አላቸው። ፖኩዋ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው የተነሳላት ያህል ቀለላት፤ እሷም ሳቀች፣ ትንሽም አለቀሰች።

«ዳንኳ» አሉ ማሜ አቺያ፣ ሳይስቁ። «በዚያ በኩል ለምን ቀረፃችሁ?»

ዳንኳ ጣቱን ያፍተለትል ጀመር። «ፊቴን... እየተጫወትኩ ፊቴን ማየት ፈልጌ ነው።»

«እሱንማ እኔ ወልጄዋለሁ፣ ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉ እናቱ፤ ሰዉ እንደገና በሳቅ ፈነዳ። ዳንኳ ጆሮው እስኪጋይ አፈረ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ማንም ሳያዘው ሄዶ ሙንታሪ ፊት ቆመ። «ዋሸሁብህ። ደንግጬ ነው» አለ። ሙንታሪ ዓይኑን ከእሱ ወደ አባቱ መለሰ።

ዎፋ ባዱ ግቢውን አቋርጠው መጡና ቀኝ እጃቸውን ለሙንታሪ ዘረጉ። «ልጄ፣ ቸኩያለሁ። ሽማግሌ መቸኮል የለበትም ነበር። ግቢው ግቢህ ነው።» ሙንታሪ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ፖኩዋና ዳንኳ ዞሩ። «እናንተ ደግሞ የማላምን ሱሪ አጥባችሁ ትመልሳላችሁ። ፊልሙም ይደገማል። ክፉዎቹ በቀኛቸው ሲሰጡ፣ ደጎቹ በግራ! እኔ ማን ላይ ልፍረድ?»

ሰዉ ሲበተን ፖኩዋ ሙንታሪን ሚኒባሱ አጠገብ አገኘችው።

«ቶሎ መናገር ነበረብኝ» አለች።

«አዎ፣ ነበረብሽ» አለ። አባቱ የተንበረከኩበትን ቦታ አየ፤ ከዚያ እሷን። «ዓርብ እመጣለሁ። ከሶላት በኋላ።»

በሳምንቱ ዓርብ ሁሉም ዝግጁ ነበር። ዎፋ ባዱ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ቅሉ ሶቦሎ ተሞልቷል፣ ታጥቦ የተተኮሰው የማላም ሱሌ ሱሪ ከባለቤቱ ጋር ሥራ ላይ ነው። ፀሐይዋ ሚኒባሷን ወርቅ አስመስላታለች። ዳንኳ አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሳል።

«ፖኩዋ፣ አንድ ሙከራ ብቻ። በኋለኛው ካሜራ! ምንም አንገለብጥም፣ እምልልሻለሁ። እሱ እስኪመጣ ብርሃኑ ይሄዳል እኮ።»

ብርሃኑ በእርግጥ ያምር ነበር፤ ያለፈው ዓርብ እንዲህ አላማረም። ፖኩዋ ስልኩን ከዳንኳ እጅ ተቀበለች። አጠፋችውና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የሚኒባሷን በር ይዛ ግማሽ አካሏን ወደ ውጭ አንጠለጠለች፣ እውነተኛ ወያላ እንደሚያደርገው።

«ጨረቃ! ጨረቃ! ጨረቃ!» ብላ ወደ መንገዱ ተጣራች። «አንድ ሰው የቀረው!»

«ኧረ እንሂድ፣ ወያላ!» አሉ ዎፋ ባዱ እንደ ተሳፋሪ እየተቆጡ፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል።

«ሳይሞላ አንሄድም፣ አባባ» አለች ፖኩዋ፣ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለች። ከመስጊዱ በኩል ሰዎች መምጣት ጀምረው ነበር።